ድራይቨሩን ለማምጣት ድራይቨሩ ሲያስፈልግ፦ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የገመድ አልባ ካርድን በሊኑክስ ላይ ስለ ማሠራት

በክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና ላይ የገመድ አልባ ካርድን ማሠራት በመመሪያዎች ዘንድ የሁለት ወይም የሦስት ትእዛዝ ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። ተጠቃሚው የጎደለውን ፓኬጅ ከኢንተርኔት እንዲያወርድ፣ እንዲጭንና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲያስነሣ ይነገረዋል። መመሪያው ሳይናገር የሚያልፈው ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ ይኸውም ኮምፒውተሩ ካርዱ ሳይሠራም በሌላ መንገድ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሆኑ ነው። የኔትወርክ ገመድ በየጠረጴዛው በተዘረጋበት ቢሮ ይህ ችግር አይሆንም። በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ ወይም በባኮ በኪራይ ቤት ተቀምጦ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ያ ቅድመ ሁኔታ ራሱ ዋናው ችግር ነው። ብዙዎቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች የገመድ መሰኪያ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም የሚሰካበት ገመድ በአቅራቢያ አይገኝም። ስለዚህ ድራይቨሩን ለማምጣት አስቀድሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር በእነዚህ ከተሞች የሥራው ክብደት ያለው ከመጫኑ በፊት በሚደረገው ምርመራ ላይ ነው የሚል ነው። ኔትወርክ ወዳለበት ቦታ መሄድ ጊዜም የትራንስፖርት ገንዘብም ይጠይቃል። ምን እንደ ጎደለው በትክክል ሳያውቅ ፍላሹን ይዞ የሄደ ሰው ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ጉዞ ይጠብቀዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታዩት ጉዳዮች ሁሉ ያን ሁለተኛ ጉዞ ለማስቀረት የሚረዱ ናቸው።

ምን እንደ ጎደለ መለየት

«ዋይፋዩ አይሠራም» የሚለው አባባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጉድለቶችን በአንድነት ይይዛል። አንደኛው የድራይቨር ሞጁል አለመኖር ነው። በሊኑክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ስለሚመጡ፣ ሞጁሉ የለም ማለት ብዙ ጊዜ ከርነሉ ካርዱ ከመሠራቱ በፊት የወጣ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የፈርምዌር አለመኖር ነው። የዛሬ ገመድ አልባ ካርዶች አብዛኞቹ የራሳቸው ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው፤ ያ ፕሮሰሰር የሚመራበትን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንሥቶ ይጭንለታል። ድራይቨሩ ክፍት ምንጭ ሆኖ ሳለ ፈርምዌሩ የአምራቹ ዝግ ንብረት መሆኑ የተለመደ ነው። ሦስተኛው፣ ሁለቱም ተሟልተው ካርዱ በሌላ ነገር የታገደ እንደ ሆነ ነው። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የአውሮፕላን ምልክት ያለበት ቁልፍ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሴኪዩር ቡት የተባለው የማስነሻ ጥበቃ ያልተፈረመ ሞጁል አላስገባም ብሎ ይሆናል።

ሦስቱን ለመለየት ኔትወርክ አያስፈልግም። ኤልኤስፒሲአይ የተባለው ትእዛዝ «ኤንኤንኬ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሰጥ በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ካርድ መለያ ቁጥርና ካርዱን የያዘውን የከርነል ድራይቨር ስም ያሳያል። በዩኤስቢ ለሚሰካ ካርድ ኤልኤስዩኤስቢ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። መለያ ቁጥሩ በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሁለተኛው መሣሪያውን ይጠቁማል። በላፕቶፕ ውስጥ ካርዶች ዘንድ 14ኢ4 ብሮድኮምን፣ 10ኢሲ ሪልቴክን፣ 8086 ኢንቴልን፣ 168ሲ አቴሮስን ያመለክታል። ከቁጥሩ በታች «በሥራ ላይ ያለ ድራይቨር» የሚለው መስመር ከሌለ ጉድለቱ የመጀመሪያው ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መስመሩ ካለና የከርነሉ መዝገብ በዲሜሴጅ ሲታይ የፈርምዌር ፋይል ስም ጠርቶ «ስሕተት -2» የሚል ከሆነ ጉድለቱ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ በሊኑክስ ይህ ቁጥር የተፈለገው ፋይል አልተገኘም ማለት ነውና። አርኤፍኪል የተባለው ትእዛዝ ደግሞ የመዘጋቱን ጉዳይ ይመልሳል፤ በሶፍትዌር ተዘግቶ እንደ ሆነም በመሣሪያው ቁልፍ ተዘግቶ እንደ ሆነም ለይቶ ይናገራል።

ተማሪው ፍላሹን ይዞ ከመነሣቱ በፊት ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት አራት ነገር ነው፦ ይህ መለያ ቁጥር፣ የከርነሉ ሙሉ ቁጥር፣ የሥርዓተ ክወናው እትም፣ መዝገቡ የጠራው የፈርምዌር ፋይል ስም። የላፕቶፑ ሞዴል ወይም በካርዱ ላይ የተለጠፈው የንግድ ስም አይበቃም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በገበያ ላይ በብዛት የተሸጠው ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን የተባለው የዩኤስቢ ካርድ ነው። የመጀመሪያው እትም የአቴሮስን ኤአር9271 ቺፕ የያዘ ሲሆን፣ ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ክፍት ምንጭ በመሆናቸው በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ተወዳጅ ነበር። ሁለተኛው እትም በዚያው ስምና በተመሳሳይ መልክ የሪልቴክን ቺፕ ይዞ ወጣ። የአንደኛውን መመሪያ ይዞ ሁለተኛውን ለማሠራት የሞከረ ሰው ምን ቢደክም ውጤት አያገኝም።

የብሮድኮም ወጥመድ

ከሁሉም ይልቅ ሰፊ ማብራሪያ የሚያሻው የብሮድኮም ካርድ ነው፤ ታሪኩም ዛሬ ያለውን ችግር ያብራራል። ኩባንያው ለረጅም ጊዜ ስለ ካርዶቹ አሠራር ለሊኑክስ ገንቢዎች ምንም ሰነድ አልሰጠም። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው ቡድን ለሌሎች ሥርዓቶች የተሠራውን ዝግ ድራይቨር እየመረመረ የካርዱን አሠራር በሰነድ ጻፈ፤ ሁለተኛው ቡድን ዝግ የሆነውን ኮድ ከቶ ሳያይ፣ ከሰነዱ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ድራይቨር ሠራ። ይህ አከፋፈል የተመረጠው የቅጂ መብት ክርክር እንዳይነሣ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ከርነሉ ገባ፤ ቢ43 የተባለው ተተኪው ደግሞ በጃንዋሪ 2008 ከከርነል 2.6.24 ጋር ወጣ። ብሮድኮም ራሱ ለአንዳንድ ካርዶቹ የክፍት ምንጭ ድራይቨር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 ነው።

ድራይቨሩ ነፃ ቢወጣም ፈርምዌሩ አልወጣም። ሌሎች በነፃ የማሠራጨት ፈቃድ ስላልነበራቸው፣ ቢ43 የሚፈልገው ፈርምዌር ከዝግ ድራይቨሩ ፋይል ውስጥ ተቆርጦ የሚወጣበት ልዩ መሣሪያ ተሠራ። ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ ዘንድ «የቢ43 ፈርምዌር ጫኝ» የሚል ስም ያለው ትንሽ ፓኬጅ አለ። ስሙን ያየ ሰው ፈርምዌሩ በውስጡ ያለ ይመስለዋል። ፓኬጁ ግን በሚጫንበት ጊዜ ፈርምዌሩን ከኢንተርኔት የሚያወርድ አጭር ጽሑፈ ትእዛዝ ብቻ ነው። ከአምቦ በፍላሽ ተይዞ ጌዶ የደረሰው ይህ ፓኬጅ ያለ ኔትወርክ ምንም አይፈይድም። መፍትሔው ቆራጩን መሣሪያና የሚቆረጠውን የአምራች ፋይል ለየብቻ ማውረድ፣ ወይም አስቀድሞ ኔትወርክ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ቆርጦ የተገኙትን ፋይሎች ብቻ ይዞ መሄድ ነው። ፋይሎቹ «ሊብ» በተባለው ማኅደር ሥር ባለው «ፈርምዌር» ማኅደር ውስጥ ሲገለበጡ ሥራው ያልቃል።

እንደ ቢሲኤም43142 ያሉት ካርዶች፣ መለያ ቁጥራቸው 14ኢ4:4365 የሆኑት፣ በቢ43 አይሠሩም። የሚሠሩት ደብሊውኤል በተባለው የኩባንያው ድራይቨር ነው። እርሱም ዝግ የሆነ ዋና ክፍልና በየከርነሉ ልክ እንደገና የሚጠናቀር ስስ ክፍት ሽፋን አለው። እንደገና መጠናቀሩ ማለት ጂሲሲ፣ ሜክ፣ ዲኬኤምኤስና ከከርነሉ ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻው አኃዝ የሚገጥም የሄደር ፋይል ያስፈልጋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ እትሞች ዘንድ ድራይቨሩም አብዛኞቹ አጃቢዎቹም በራሱ የመጫኛ ፍላሽ ውስጥ፣ «ፑል» በተባለው ማኅደር ተቀምጠው ይገኛሉ። ኡቡንቱን የጫነበትን ፍላሽ ወዲያው ያላጠፋ ተማሪ የትም ሳይሄድ ችግሩን ሊፈታ ይችላል፤ ፍላሹን ለፊልም መገልበጫ ያዋለው ግን ሌላ ጉዞ ይጠብቀዋል።

ያረጀ ከርነልና የተሳሳተ አንቴና

በሪልቴክ ካርዶች ዘንድ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የከርነሉ ዕድሜ ነው። አርቲኤል8821ሲኢ የተባለው ካርድ፣ መለያ ቁጥሩ 10ኢሲ:ሲ821፣ ከከርነሉ ጋር በሚመጣው ድራይቨር መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በወጣው ከርነል 5.9 ነው። በኤፕሪል 2020 የወጣው ኡቡንቱ 20.04 ግን የተነሣው በከርነል 5.4 ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜ የመጫኛ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የደረሰው ሰው ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። በግለሰቦች የተዘጋጁ የምንጭ ኮዶችን አውርዶ ማጠናቀር ይቻላል፤ ነገር ግን ከከርነል 5.15 ጋር የመጣውን ኡቡንቱ 22.04ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትምን በአንድ ፍላሽ ይዞ መምጣት እጅግ ይሻላል። የመጫኛው ፋይል ከ3 ጊጋባይት በላይ በመሆኑ በሞባይል ዳታ ማውረዱ ያስወጣል፤ በግቢ ኔትወርክ ወርዶ በፍላሽ ከደረሰ ግን ለብዙ ሰው ያገለግላል።

ከዚህ የሚለይ፣ ይበልጥም የሚያሳስት ችግር በአርቲኤል8723ቢኢ ካርድ ላይ ይታያል። ይህ ካርድ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ ይገኛል። ካርዱ ሁለት የአንቴና መግቢያ ሲኖረው አምራቹ በአንዳንዶቹ ላፕቶፖች ላይ አንድ አንቴና ብቻ ያገናኛል፤ በካርዱ ውስጥ የተመዘገበው መረጃ ደግሞ አንቴናው የትኛው ላይ እንዳለ በስሕተት ይናገራል። ድራይቨሩ ምንም ባልተገናኘበት መግቢያ በኩል ያዳምጣል። ውጤቱ ፍጹም ዝምታ አይደለም፤ ራውተሩ አጠገብ ሲቀመጡ ይገናኛል፣ ጥቂት ሜትር ሲርቁ ይጠፋል። በመሆኑም ተማሪው ድራይቨሩ እንደሚሠራ ያምናል፤ ጥፋቱን በግቢው ኔትወርክ፣ በግድግዳው ውፍረት ወይም በመብራት መዋዠቅ ላይ ያደርጋል። ለሞጁሉ «አንት-ሴል» የተባለውን መለኪያ 1 ወይም 2 አድርጎ መስጠት ብቻ ችግሩን ይፈታዋል። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ጉዳዮች ምንም ነገር ማውረድ ሳያስፈልግ በአንድ መስመር የሚፈታው ይህ ነው፤ ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውም ይኸው ነው።

ወደ ጎን የሚጠቀስ ሌላ ነገር የቻናል ሕግ ነው። ካርዱ የአገር ኮዱ በአሜሪካ የተሞላ እንደ ሆነ በቻናል 12 ወይም 13 የተከፈተ ራውተርን አያይም። ስልክ የሚያየውን ዋይፋይ ላፕቶፑ ካላየ የአገር ኮዱን «ኢቲ» ማድረግ ወይም የራውተሩን ቻናል ወደ 1፣ 6 ወይም 11 መለወጥ ይገባል።

ፋይልን ያለ ኔትወርክ ማድረስ

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ በወንጪ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ አፋፍ ያለች መንደር በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀ ምሳሌ ሆናለች። «ለያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በስምጥ ሸለቆ በምትገኘው ወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ሰጠ። ሥርዓተ ክወናቸው በሊኑክስ ከርነል ላይ የተሠራው አንድሮይድ ነበር። በሰፊው የተወራው ሕፃናቱ ያለ አስተማሪ ታብሌቱን መክፈታቸውና የተዘጋውን ካሜራ ማሠራታቸው ነው። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ግን ብዙም ያልተወራው ክፍል ነው። መንደሮቹ ኢንተርኔት ስላልነበራቸው አንድ ባለሙያ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሄደ ሚሞሪ ካርዶቹን ይቀይር ነበር። ሥርዓቱ የሠራው መንገዱ ዘገምተኛ መሆኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ የሚሄደውና የሚመለሰው ነገር በልክ ስለ ታቀደ ነው።

ያው ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሰጣቸው ኤክስኦ የተባሉት ላፕቶፖችም ከዚህ ርእስ አይርቁም። ሊኑክስን የሚጠቀሙት እነዚህ ማሽኖች የማርቬልን ገመድ አልባ ቺፕ ይዘዋል፤ ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ እንኳ ካርዱ የሌሎችን ላፕቶፖች መልእክት ተቀብሎ እንዲያሳልፍ ታስቦ ነበር። ድራይቨሩ ክፍት ሲሆን ፈርምዌሩ ዝግ በመሆኑ በነፃ ሶፍትዌር ተሟጋቾች ዘንድ ብርቱ ወቀሳ አስነሥቷል። ሆኖም ፈርምዌሩ በማሽኑ ውስጥ ተጭኖ ስለ መጣ፣ ላፕቶፑን የተቀበለ ሕፃን የሚያወርደው ነገር አልነበረም።

ከዚህ ጋር የዴቢያንን ውሳኔ ማነጻጸር ይጠቅማል። ዴቢያን ለረጅም ዓመታት ዝግ ፈርምዌርን ከዋናው የመጫኛ ዲስኩ አስወጥቶ ቆይቷል። መርሑ የሚከበር ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በአብዛኛው ሌላ የኔትወርክ መግቢያ የሌለው ተጠቃሚ ነበር። ገመድ ያለው ሰው ፈርምዌሩን በደቂቃ ያወርዳል፣ የሌለው ደግሞ ከመነሻው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው በጁን 2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ፈርምዌሩ ከመጫኛው ጋር እንዲመጣ ሆኗል። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለሚገኝ ተጠቃሚ የዴቢያን 11ን ዲስክ በ12 መተካት ከብዙ መመሪያ ይበልጣል።

ፍላሽ ይዞ ከመንገድ በፊት ሊሞከር የሚገባው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ሲገናኝና «የዩኤስቢ ማጋራት» ሲከፈት፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለገመድ ኔትወርክ ይቆጥረዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር በተለመዱት ከርነሎች ውስጥ አለ። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ስልኩ በዚያ ጊዜ የሚያጋራው ሞባይል ዳታን ብቻ አለመሆኑን ነው። ስልኩ በዋይፋይ ከግቢው ኔትወርክ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ያንኑ በገመዱ ያስተላልፋል፤ ማለትም ስልኩ ራሱ ለጊዜው የላፕቶፑ ገመድ አልባ ካርድ ይሆናል። በሃጫሉ ሁንዴሳ ካምፓስ ወይም በጉደሩ የማሞ መዘምር ካምፓስ ያለ ተማሪ ለዚህ የዳታ ጥቅል መግዛት አያስፈልገውም።

የዳታ አገልግሎት ደካማ በሆነበት ቦታ አፕት-ኦፍላይን የተባለው ፕሮግራም ይረዳል። ኔትወርክ በሌለው ኮምፒውተር ላይ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች ከነጥገኞቻቸው የሚዘረዝር ትንሽ ፋይል ያወጣል፤ ፋይሉ ኔትወርክ ወዳለው ኮምፒውተር ተወስዶ ሁሉም በአንድ ላይ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይጫናል። አፕት-ኦፍላይን ራሱ አስቀድሞ የተጫነ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አፕት-ጌት «ፕሪንት-ዩአርአይስ» በሚለው አማራጭ የሚያወጣውን የአድራሻ ዝርዝር መጠቀም ይቻላል። የጎደለው ፈርምዌር ብቻ ከሆነ ደግሞ ብዙ መቶ ሜጋባይት የሚመዝነውን ሙሉ የፈርምዌር ፓኬጅ ማውረድ አያሻም፤ መዝገቡ በስም የጠራው አንድ ፋይል ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። የፋይሉን ስም በወረቀት መጻፍ አስፈላጊ የሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

እነዚህ መንገዶች ሁሉ ኢንተርኔት በአንድ ቦታ እንዳለ ይገምታሉ። የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በቆየ ጊዜ ከአምቦ አልፎ አዲስ አበባ መሄድም መፍትሔ አልነበረም። ስለዚህ በትምህርት ክፍሎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የቅርብ ጊዜ የመጫኛ ፋይሎች፣ ሙሉው የፈርምዌር ስብስብ፣ የደብሊውኤል ድራይቨር ከነአጃቢዎቹ፣ እንዲሁም በዚያ የመጫኛ እትም ላይ ላለው ከርነል የሚገጥም የሄደር ፋይል የያዘ አንድ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚከብደው በየስድስት ወሩ የሚያድሰውን ሰው መመደብ ነው።

መታደሱን የሚጠይቀው ደግሞ የከርነሉ ጠባይ ነው። በዲኬኤምኤስ የተጠናቀረ ድራይቨር ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መጠናቀር አለበት፤ የአዲሱ ከርነል ሄደር አብሮ ካልወረደ ማጠናቀሩ ይከሽፋል፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ዋይፋይም ዛሬ ጠዋት ይጠፋል። ሴኪዩር ቡት በበራበት ላፕቶፕም፣ መፈረሚያው ቁልፍ በሚቀጥለው ማስነሣት ጊዜ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ተረጋግጦ ካልተመዘገበ፣ የተጠናቀረው ሞጁል ቢኖርም አይገባም። በዚህ ጊዜ ፍላሽ ይዞ ከመሄድ በፊት በማስነሻው ምናሌ «የላቁ አማራጮች» በሚለው ሥር አሮጌውን ከርነል መምረጥ ይቻላል፤ ኡቡንቱ የቀደመውን ከርነል ወዲያው አይሰርዝምና። ኮምፒውተሩ በአሮጌው ከርነል ሲነሣ ዋይፋዩ ይመለሳል፤ የአዲሱን ከርነል ሄደር በዚያው ግንኙነት አውርዶ ድራይቨሩን ማጠናቀር ይቻላል።